እስከ መቼ? የድኻ ዕርዳታና የቀን መቁጠሪያ



«እስከ መቼ?» የሚለውን ጥያቄ ዕርዳታ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ይጠይቀዋል። ሰጪው «እስከ መቼ እሰጣለሁ?» ሲል ተቀባዩም «እስከ መቼ እጄን እዘረጋለሁ?» ይላል። ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ ሸክሙ ግን አንድ አይደለም። ሰጪው መልስ ቢያጣ ገንዘቡ ያልቅበታል፤ ተቀባዩ መልስ ቢያጣ ቤቱ ይፈርስበታል። ዛሬ ከእናንተ ጋር ልወያይበት የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው። መንግሥትም ሆነ ጀመዓ ለድኻ ቤተሰብ በየወሩ የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ የጊዜ ገደብ ሊበጅለት ይገባል ወይ? ከተበጀለትስ ከገደቡ ነፃ መሆን ያለበት ማን ነው? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው?

በመጀመሪያ የአገራችንን ሁኔታ እንመልከት። በኢትዮጵያ ረሃብ በመጣ ቁጥር «ድረሱልን» እየተባለ እህል ሲለመን ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ጉልበት ያለው ሰው ሳይሠራ ዕርዳታ መቀበል የለበትም የሚል መርሕ አስቀመጠ። ከዚያም በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። የሐሳቡ መነሻ ግልጽ ነበር፤ ይኸውም በየዓመቱ እንደሚራብ አስቀድሞ የሚታወቅን ሰው እንደ ድንገተኛ አደጋ መቁጠሩ ቀርቶ፣ በየዓመቱ የታወቀ ድጋፍ እንዲደርሰው ማድረግ ነው። ሲጀመር ወደ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ያቀፈ ሲሆን ኋላ ላይ ተጠቃሚው ወደ 8 ሚሊዮን ደርሷል። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል፤ በጅምሩ የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። መሥራት የማይችለው ደግሞ፣ ማለትም አረጋዊው፣ አካል ጉዳተኛው፣ አሳዳጊ የሌለው ሕፃን፣ ያለ ሥራ «ቀጥተኛ ድጋፍ» ያገኛል። ነፍሰ ጡር እናት ለጊዜው ከሥራ ነፃ ትሆናለች፤ በፕሮግራሙ 4ኛ ምዕራፍ ይህ ነፃነት ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ይቆይ ነበር።

የመውጫው በር «ምረቃ» ይባላል። በየክልሉ በወጣ መለኪያ የቤተሰቡ ከብት፣ እህልና ንብረት ተቆጥሮ ከተወሰነ ደረጃ ሲደርስ «ተመርቋል» ተብሎ ከመዝገብ ይሰረዛል። ፕሮግራሙ ሲጀመር አብዛኛው ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይመረቃል የሚል ተስፋ ነበር። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ራሱ 20 ዓመት አልፎታል። የምረቃውን ቁጥር ለማሟላት በወረዳዎች ላይ ግፊት እንደነበረ፣ ያልደረሱ ቤተሰቦችም እንደ ደረሱ ተቆጥረው የወጡበት ጊዜ እንዳለ ስለ ፕሮግራሙ የተጻፉ ጥናቶች መዝግበውታል።

በከተማ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በጅግጅጋና በሌሎች ከተሞች፣ በድምሩ በ11 ከተሞች የከተማ ሴፍቲኔት ተጀመረ። የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ፤ የታቀደውም 604 ሺህ ሰው ለመርዳት ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 84 በመቶው ሠርተው የሚከፈላቸው፣ 16 በመቶው ደግሞ ያለ ሥራ የሚደገፉ ነበሩ። ለሠራተኞቹ የተቆረጠው ጊዜ ሦስት ዓመት ነበር። የሥራ ቀኑ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄድ ነበር፤ ከሚከፈላቸው ላይ 20 በመቶ ይቆጥቡ ነበር፤ በመጨረሻም ወደ 500 ዶላር የሚጠጋ መቋቋሚያ ተሰጥቷቸው ይሰናበቱ ነበር። እንግዲህ በገጠሩ መውጫውን የሚወስነው የንብረት ቆጠራ ሲሆን በከተማው የቀን መቁጠሪያ ሆነ ማለት ነው።

የቀን መቁጠሪያ በሀብታም አገርም አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1996 በፈረሙት ሕግ መሠረት አንድ ቤተሰብ ከፌዴራሉ ገንዘብ በዕድሜ ዘመኑ ከ60 ወር በላይ ሊደጎም አይችልም። ክፍለ ግዛቶች ከዚያ የባሰ አጭር ገደብ እንዲያወጡ ተፈቅዶላቸዋል። ልዩ ችግር የደረሰባቸውን ቤተሰቦች ከገደቡ ነፃ ማድረግም ይችላሉ፤ ነገር ግን ነፃ የሚደረጉት ከጠቅላላው ተረጂ ከ20 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። ይኸው ሕግ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ለገባ ስደተኛ ሌላ ገደብ አበጀ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ከዚህ ድጎማ ከለከለው። በዲቪ ዕጣ የሄዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህን ያውቁታል። በስደተኝነት ጥገኝነት ያገኘው ከክልከላው ነፃ ሲሆን በዕጣ የገባው ጎረቤቱ፣ ልጆቹ የዚያኑ ያህል ቢራቡም፣ ነፃ አይደለም። ሕጉ ሲወጣ ወደ 4.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤተሰቦች ይደጎሙ ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዷል። ደጋፊዎቹ «ሕጉ ሠራ» ይላሉ። የመዝገቡ መቅጠን ግን የድኽነትን መቅጠን አያረጋግጥም፤ በሽተኞችን ከሆስፒታል ያስወጣ ሁሉ ፈውሷቸዋል አይባልምና።

ይህን ስል ገደብ የሚፈልጉትን ወገኖች ጨካኞች ናቸው ለማለት አይደለም። ክርክራቸው ክብደት ስላለው በሚገባ መስማት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ገንዘቡ ውሱን ነው። ዛሬ መዝገብ ላይ ያለው ቤተሰብ ባልወጣ ቁጥር ነገ ሊመዘገብ የሚጠብቀው ቤተሰብ ከበር ውጭ ይቀራል። ሁለተኛ፣ መጨረሻው የማይታወቅ ዕርዳታ ሰውን ያላምዳል፤ መውጫውን የሚያውቅ ሰው ግን ይዘጋጃል። ሦስተኛ፣ ቀን ካልተቆረጠ መዝገቡ የዘመድ መዝገብ ሆኖ ይቀራል፤ የኮሚቴው አባል የራሱን ሰው መቼም አያስወጣምና። ይህ ሦስተኛው ክርክር በተለይ በትናንሽ ከተሞች ለምንኖር ሰዎች እንግዳ አይደለም።

በዲናችንም ሰውን ለዘለዓለም ተረጂ አድርጎ ማስቀመጥ ጽድቅ ሆኖ አልቀረበም። አቡ ዳውድ የዘገቡትን የአንሷሩን ሰው ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰውየው ሊለምን ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ቤቱ ያለው አንድ ልብስና አንድ የመጠጫ ዕቃ ብቻ ነበር። እሳቸው ሁለቱን በሁለት ዲርሃም ሸጡለት፤ በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አደረጉ፤ እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጠሙለት፤ እንጨት ለቅሞ እንዲሸጥ ነግረውም 15 ቀን እንዳያዩት አዘዙት። ሰውየው በቀጠሮው አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ። እነሆ፣ እዚህም ውስጥ ገደብ አለ፤ ቀኑም ተቆጥሯል።

ነገር ግን ያ ገደብ ምን ዓይነት ገደብ እንደነበረ ልብ እንበል። ቀኑ ከመቆረጡ በፊት የቤቱ ንብረት ተጠየቀ፣ ምግቡ ቀረበ፣ መሣሪያው ተገዛ፣ እጀታው ተገጠመ። የሚሸጥ እንጨትና የሚገዛ ሰው የነበረበት ከተማም ነበር። ሰጪው የራሱን ድርሻ ጨርሶ ነው «ሂድ» ያለው። 15ኛው ቀንም የመመለሻ ቀን እንጂ በሩ የሚዘጋበት ቀን አልነበረም። እኛ ከዚህ ታሪክ ውስጥ «ሂድ» የምትለዋን ብቻ መዝዘን ብንወስድ ታሪኩን ቆርጠነዋል።

ጥያቄው ለእኔ ከወረቀት ያለፈ ነው። የምኖረው በዳንግላ ነው። የአዊ አገር ሲነሣ ሰው የሚያስበው ዝናቡን፣ የእንጅባራን ብርድና ድንች፣ የባንጃን ገብስ፣ ከፋግታ ለኮማ እየተጫነ አዲስ አበባ የሚገባውን ከሰል ነው። ሴፍቲኔት ሲነሣ ደግሞ ዋግኽምራና ወሎ ይታሰባሉ። «ዝናብ ያለው አገር ድኻ የለውም» የሚባል ያህል ነው። ነገር ግን በከተማ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሸማኔ፣ ጉሊት ለምትቸረችር እናት፣ ለቀን ሠራተኛ ዝናቡ ኪራይ አይከፍልም። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስበው ብዙ ጊዜ ዕድሩና የመስጊዱ ጀመዓ ነው።

እኔም ለጀመዓችን ዘካና ሶደቃ ከሚያከፋፍሉት ሰዎች አንዱ ነኝ። ባለፈው ስብሰባችን አንድ ወንድም «ዝርዝሩ ላይ ሦስት ዓመት የቆየ ሁሉ ይውጣ፤ መንግሥት እንኳ በሦስት ዓመት ያሰናብታል» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቅን ሰው ነው፤ ያሳሰበው ተራ የሚጠብቁት አዲስ ችግረኞች ናቸው። ከእኛ ግማሾቹ ደገፉት። በዝርዝሩ ላይ ካሉት አንዱ ዓይናቸው እየደከመ ከሽመና የወጡ አዛውንት ናቸው። ወሬው ደርሷቸው ኖሮ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ልጄ፣ ለዓይኔስ ስንት ዓመት ቆረጣችሁለት?» አሉኝ። ሳይቆጡ ነበር የጠየቁኝ። እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፄን መስጠት አለብኝ፤ የድምፄ ምክንያት ደግሞ የሚከተለው ነው።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ቀቢሳ የተባሉ ሶሓባ (ረ.ዐ.) ሰዎችን ለማስታረቅ የተሸከሙትን ዕዳ ለመክፈል ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕርዳታ ጠየቁ። በዚያ ጊዜ መጠየቅ የተፈቀደላቸው ሦስት ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ተነገራቸው፦ ለሰው ሲል ዕዳ የተሸከመ፣ አደጋ ንብረቱን ያጠፋበት፣ ችግር የወደቀበትና ከወገኖቹ መካከል ሦስት ብልህ ሰዎች የመሰከሩለት። እዚህ ላይ እጅግ የሚያስደንቀኝ ነገር ገደቡ የተቀመጠበት መንገድ ነው። ለባለ ዕዳው ገደቡ ዕዳውን እስኪከፍል ነው፤ ለሌሎቹ ደግሞ ኑሯቸውን የሚያቆምላቸውን እስኪያገኙ ነው። ገደብ አለ፤ ገደቡ ግን የተሠራው ከችግሩ ነው እንጂ ከወራት አይደለም። ባለ ዕዳው በአንድ ወር ዕዳው ቢከፈል በሁለተኛው ወር አይጠይቅም፤ በአምስት ዓመት ካልተከፈለም ሰዓቱ አልደረሰም።

ይህ ከሆነ ለሁሉም አንድ ቀን መቁረጥ ሁለት ስሕተት በአንድ ጊዜ ይሠራል። በስድስት ወር መቆም የሚችለውን ሦስት ዓመት ያስቀምጠዋል፤ በሦስት ዓመት መቆም የማይችለውን ያስወጣዋል። ለመጀመሪያው የበዛ፣ ለሁለተኛው ያነሰ፣ ለማንም ያልተሰፋ ልብስ ነው። ለጸሐፊው ግን ቀላል ነው፤ መቁጠር እንጂ ማየት አይጠይቀውም። የቀን ገደብ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሰጪውን የድኻውን ደጅ ከማንኳኳት ያድነዋል።

አንድ ደንብ ሲወጣ ሰው እንደ ደንቡ ይኖራል፤ ይህንንም ማሰብ ያሻል። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ከበይተል ማል ለሕፃናት ድጎማ ሲቆርጡ መጀመሪያ የሚሰጡት ጡት ለጣለ ሕፃን ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት ከከተማው ዳር ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ ሕፃን ሲያለቅስ ሰሙ። እናቲቱን ደጋግመው ሲጠይቁ፣ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ዑመር የሚሰጠው ጡት ለጣለ ብቻ ስለሆነ ልጇን ያለ ጊዜው እያስጣለች መሆኑን ነገረቻቸው። ኢብን ሰዕድ እንደ ዘገቡት ዑመር በማግስቱ ሱብሒ ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው የተነሣ ቂርአታቸው ለሰው አልተሰማም፤ ወዲያው ድጎማው ከልደት ቀን ጀምሮ እንዲሆን አዋጅ አስነገሩ። ደንቡን ያወጡት ክፉ አስበው አልነበረም፤ ቀላልና ግልጽ መለያ ፈልገው ነበር። ያ ግልጽ መለያ ግን እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር አጣላ።

ዛሬም ይኸው ነው። «ይህን ያህል ከብት ያለው ይመረቃል» ሲባል ሰው ጊደሯን ከመግዛት ይቆጠባል፣ ወይም በዘመድ በረት ያሳድራታል። «በሦስት ዓመት ያበቃል» ሲባል ደግሞ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የታመመው ሰው ከመጀመሪያው ዓመት በሽተኛ ያነሰ በሽተኛ ይሆናል። ጡት የምታጠባ እናት በ12ኛው ወር ወደ ቁፋሮ ትመለስ ይባል እንደ ነበረ ስንሰማም፣ ሙሉው የማጥባት ጊዜ በቁርኣን ሁለት ዓመት መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ያ ቁጥር ከምን እንደ ተለካ መጠየቃችን አይቀርም።

የነፃ መሆን ጉዳይም እንዲሁ ነው። መንግሥታት የሚመርጡት በመደብ መለየትን ነው፤ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ነፍሰ ጡር ይላሉ። ይህ ጥሩ ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ይደነግጋል። ነገር ግን በመደቦቹ መካከል የሚወድቅ ሰው አለ። አልጋ የያዘች እናቷን የምታስታምም ልጅ ራሷ ጤነኛ ናት፤ ግን ከቤት መውጣት አትችልም። ዓይኑ የደከመ ሸማኔ ዕውር አይደለም፤ ግን ክሩን አያይም። ነፃ የሚደረጉትን በመቶኛ መገደብማ ጭራሽ የሚገርም ነው። በአንድ ከተማ ከመቶ ተረጂ ሠላሳው በእርግጥ መሥራት የማይችል ቢሆን፣ አሥሩ በየትኛው ሒሳብ ይድናሉ?

ዑመር (ረ.ዐ.) ደጅ ለደጅ የሚለምን ዓይነ ሥውር አዛውንት አይሁዳዊ ባገኙ ጊዜ ያደረጉትን አቡ ዩሱፍ ዘግበውታል። ሰውየው የሚለምነው ዕርጅና፣ ችግርና የሚከፍለው ጂዝያ ስላስጨነቀው ነበር። ወደ ቤታቸው ወስደው ከሰጡት በኋላ ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ ይህንና መሰሎቹን እንዲመለከት አዘዙ፤ በወጣትነቱ ግብር አስከፍሎ በዕርጅናው መጣል ፍትሕ አለመሆኑን ገለጹ፤ ጂዝያውንም አነሡለት። እዚህ ውስጥ ኮታ የለም፤ «ይህና መሰሎቹ» የሚል መርሕ አለ። የዕድሜ ልክ ሥራና ግብርም እንደ ውለታ ተቆጥሯል። የጨርቅ ነጠላችንን ለአርባ ዓመት የሸመነልን ሰው የጀመዓው ባለ ዕዳ ነው ወይስ ጀመዓው የእሱ ባለ ዕዳ ነው?

አሁን ደግሞ ሰዓቱን ወደ ሰጪው እናዙረው። ገደብ ሲባል ሁልጊዜ የሚቆጠረው የተቀባዩ ጊዜ ነው። ሰጪውስ ቀጠሮ የለውም ወይ? በሴፍቲኔቱ የመጀመሪያ ዓመታት ክፍያ ለወራት ይዘገይ እንደነበር የታወቀ ነው። የገበያ ዋጋ በ2000 ዓ.ም. ሲንር ደግሞ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈላቸው ሰዎች በእህል ይከፈለን እስከ ማለት ደርሰዋል፤ ብሩ እዚያው ቆሞ እህሉ ሸሽቶ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2023 እህል ተዘርፏል በሚል ምክንያት የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታን ለወራት አቋረጡ፤ የሰረቀው ሌላ ሆኖ የተራበው ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት ዩ.ኤስ.ኤይድ ራሱ ተዘጋ፤ የተዘጋውም እዚህ ያለ ድኻ ስለ ተመረቀ አይደለም። ሰጪው ሲዘገይ ሰዓቱ የማይቆም ከሆነ፣ ገደቡ ውል መሆኑ ቀርቶ የአንድ ወገን ትእዛዝ ይሆናል። የክፍያው ወር የዘገየበት፣ ሥልጠናው ያልደረሰው፣ መቋቋሚያው በዋጋ ንረት ያለቀበት ቤተሰብ ሦስት ዓመቱ ተቆጠረ ሊባል አይገባም። እጀታው ያልተገጠመ መጥረቢያ ሰጥቶ 15 ቀን መቁጠር እንደማለት ነው።

ሌላው ከባድ ነገር የምስክር ጉዳይ ነው። የቀቢሳ ሐዲስ ሦስት ምስክሮችን የሚጠይቀው ከሰውየው ወገኖች፣ ማለትም ከሚያውቁት ሰዎች ነው። በመንግሥቱ ፕሮግራምም ተረጂን የሚለዩት የሰፈር ኮሚቴዎች ናቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጎረቤት ከወረቀት ይልቅ ያውቃል። ነገር ግን ጎረቤት የሌለውስ? በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግድያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው በእኛው በአዊ፣ በቻግኒ አቅራቢያ ራንች በተባለው መጠለያ ሰፍረው ነበር። በከብትና በማሳ የሚታወቅ ገበሬ በአንድ ሌሊት ስሙን የሚያውቅለት ሰው አጣ። ከመጠለያ ወጥቶ በከተማ ቤት ለተከራየ ተፈናቃይ በዕድሩ ውስጥ የሚመሰክርለት የለም፤ የነዋሪነት መታወቂያውም የሌላ ቦታ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መዝገብ ውስጥ ለመግባት ዓመት ይፈጅበታል። የገደቡ ሰዓት ግን ለእሱም ለነባሩም እኩል ይቆጥራል። አላህ ዘካ ከሚገባቸው ሰዎች መካከል መንገደኛውንም የቆጠረው፣ በአገሩ ባለጸጋ የነበረ ሰው በሰው አገር ድኻ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ዑለማዎች ስለ መጠኑ የተከራከሩት ክርክርም ለዚህ ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል። ለአንድ ችግረኛ ከዘካ ምን ያህል ይሰጠው? በሐነፊ መዝሀብ ኒሷብ ከሚሞላ ያነሰ እንዲሆን ተመርጧል። በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ የአንድ ዓመት መቆያ ይሰጠዋል፤ ዘካ በየዓመቱ ይመለሳልና። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ ኢማም ነወዊ እንዳብራሩት፣ ዕድሜ ልኩን ከችግር የሚያወጣው ይሰጠዋል፤ ለባለ ሙያ የሙያው መሣሪያ፣ ለነጋዴ እንደ ንግዱ ዓይነት መነሻ ገንዘብ። ልብ በሉ፣ ከእነዚህ አንዳቸውም «ይህን ያህል ዓመት ከተረዳ በኋላ፣ ቢቸግረውም እንኳ፣ አይገባውም» አላሉም። በከተማ ሴፍቲኔት መጨረሻ ላይ የሚሰጠው መቋቋሚያ ወደ ሻፊዒዩ ሐሳብ ይቀርባል፤ ሊመሰገንም ይገባል። የሚለየው መጠኑ ለሁሉም አንድ መሆኑ ነው። የሸማኔ ዕቃና የበግ ነጋዴ መነሻ አንድ ዋጋ የላቸውም።

«ታዲያ ጉልበት እያለው የተቀመጠውስ?» ይባላል። መልሱ በዲን ግልጽ ነው፤ ሀብታምና ጤነኛ ባለ ጉልበት በሶደቃ ላይ ድርሻ የለውም። ዑለማዎች ግን አንድ ነገር አክለዋል፤ ጉልበት ኖሮት የሚያሠራው ያጣ ሰው እንደ ድኻ ይቆጠራል። ስንፍናና ሥራ ማጣት ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ለመለየት ቀርቦ መጠየቅ፣ ሥራ አቅርቦ መፈተን ያስፈልጋል። ሥራ ቀርቦለት እምቢ ያለን ሰው ለማስወጣት ሦስት ዓመት መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? በሦስተኛው ቀን ይውጣ።

እንግዲህ ገንዘቡ ውሱን ነው ላልነው የመጀመሪያው ክርክር ምን እንመልስ? ይህ እውነተኛ ጭንቅ ነው፤ በመልካም ቃል አይሸፈንም። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ገንዘብ ካነሰ ከሁሉ የባሰ ችግር ላለበት ይቅደም፤ ለቆየው ወይም ለአዲሱ አይደለም። ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ከቆየው ይልቅ ከባሰበት ይቅደም፤ ካልባሰበት ይጠብቅ። ከዚህ በኋላም የማይበቃ ከሆነ እውነቱ ይነገር። «ገንዘቡ አልቋል» ማለት ስለ ሰጪው የሚነገር ቃል ነው። «ተመርቀሃል» ማለት ግን ስለ ተቀባዩ የሚነገር ቃል ነው። የመጀመሪያውን እውነት በሁለተኛው ቃል መሸፈን ድኻውን ሁለት ጊዜ መበደል ነው፤ አንድ ጊዜ በእጁ ያለውን መውሰድ፣ ሁለተኛ ጊዜ ቸግሮኛል የሚልበትን አፍ መዝጋት። የተመረቀ ሰው ደግሞ ሊለምን ቢመጣ ሰነፍ ነው ይባላልና።

ስለዚህ በጀመዓችን ስብሰባ የምደግፈው የሚከተለውን ነው። ቀን ይቆረጥ፤ ነገር ግን የመመርመሪያ ቀን እንጂ የመሰናበቻ ቀን አይሁን። በየዓመቱ እያንዳንዱን ቤት ሁለት ሰው ይጎብኝ፤ ከሁለቱ አንዱ የቤተሰቡ ዘመድ ያልሆነ ይሁን፤ የመዝገቡን አድልዎ የሚያድነው ይህ ነው። ቃል የተገባለት መሣሪያ ወይም መነሻ ገንዘብ ያልደረሰው ሰው ጊዜው አይቆጠርበት። ማገገም የማይችል ሰው፣ እንደ አዛውንቱ ሸማኔ፣ በየዓመቱ ችግሩን እንዲያስረዳ አይጠየቅ። የሚወጣ ሰው ሦስት ወር አስቀድሞ ይነገረው፤ ቅር ካለውም የሚሰማው ካስወጡት ሰዎች ውጭ የሆነ ሽማግሌ ይኑር። ወጥቶ የወደቀ ሰው ዳግመኛ ቢመጣ እንደ አዲስ ተሰላፊ ሳይሆን እንደ ታወቀ ሰው ይታይ። ይህ ሁሉ ከመቁጠር የበለጠ ድካም አለው። ድካሙን የሚሸከመው ግን የሚችለው ወገን ነው።

የመንግሥቱ ፕሮግራም ከአንድ ጀመዓ ዝርዝር እጅግ የሰፋ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በየቤቱ መጎብኘት ቀላል አይደለም። ቢሆንም በየቀበሌው ኮሚቴ አለ፤ የጎደለው ሰው ሳይሆን ትእዛዙ ነው። ኮሚቴው ከበላይ «ስንት ሰው አስመረቃችሁ?» ተብሎ ከተጠየቀ ቁጥር ያመጣል። «ከተመረቁት ውስጥ በዓመቱ ስንቱ ቆመው አገኛችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ወደ ሰዎቹ ደጅ ለመሄድ ይገደዳል። የጥያቄው መለወጥ ብቻ ብዙ ቤተሰብ ያድናል ብዬ አምናለሁ።

ወገኖቼ፣ ሁላችንም በአደራ የተያዘ ገንዘብ ላይ ባለ ጊዜዎች ነን። ዛሬ ሰጪ የሆነው ትናንት ተቀባይ ሊሆን ይችል ነበር፤ ነገም ይሆን እንደሆን አላህ ያውቃል። ለድኻው ቀን ስንቆርጥ የምንቆርጥበትን ምክንያት በፊቱ ቆመን ልንነግረው የምንችል መሆን አለብን። በፊቱ ልንናገረው የማንደፍረውን ምክንያት በመዝገብ ላይ አንጻፈው።

አላህ በአደራችን ላይ ታማኞች ያድርገን። ወላሁ አዕለም።